የሥራ ቦታ ግንኙነትና የሠራተኛው የመንፈስ ጤንነት፦ ከሆቶርን ፋብሪካ እስከ ትምህርት ቤት

መግቢያ

ሰው ነቅቶ ከሚያሳልፈው ዕድሜው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው ሥራው ነው። ስለሆነም ከባልደረቦቹ ጋር ያለው መግባባት፣ ከኀላፊው የሚያገኘው አክብሮትና በሥራው አካሄድ ላይ ያለው ድምፅ ከደመወዙ ባልተናነሰ መጠን መንፈሱን ያድሳሉ ወይም ያደክማሉ። ይህ እውነት ከአስተዋይ ሰዎች ዐይን ተሰውሮ የኖረ አይደለም፤ በሥርዓት መጠናት የጀመረው ግን ባለፉት አንድ መቶ ዓመታት ገደማ ውስጥ ነው።

የጥናቱ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በአንድ አጭር ቃል ነው፤ ይኸውም «ለሠራተኛው ጥሩ ፊት አሳየው፤ ምርቱ ያድጋል» የሚል ነው። በዝርዝር ሲመረመር ግን ታሪኩ ከዚህ የጠለቀ ነገር ያስተምራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጥናቱን ዋና ዋና ምዕራፎች በቅደም ተከተል አቅርቦ፣ ለትምህርት ቤት ኀላፊዎች፣ ለመምህራንና ለትምህርት እቅድ አውጪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው። የውጭ አገር ሁኔታዎች ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

1. ከድካም ወደ መንፈስ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የፋብሪካ ሥራ የሚጠናው በአብዛኛው ከጊዜና ከእንቅስቃሴ አንጻር ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ ሥራን የማሰብ ተግባር የኀላፊዎች፣ የመፈጸም ተግባር የሠራተኞች እንዲሆን አስተማረ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ተለክቶ «ከሁሉ የተሻለው መንገድ» ከተወሰነ በኋላ ለሠራተኛው የሚቀረው ትእዛዙን መፈጸም ብቻ ሆነ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጥይት ፋብሪካዎች የሥራው ሰዓት እጅግ ስለ ረዘመ፣ መንግሥት በ1915 የሠራተኞችን ጤንነት የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ሰዓት ማራዘም ምርትን በዚያው መጠን እንደማያሳድግ በጥናት ታየ። ድካም የሳይንስ ጥያቄ ሆነ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው እንደሚደክም ሰውነት እንጂ እንደሚያስብና እንደሚያዝን ሰው ገና አልተጠናም ነበር።

ለውጡ የመጣው ከቺካጎ ከተማ አጠገብ፣ በሲሴሮ ይገኝ ከነበረው ከሆቶርን ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያ ንብረት ሆኖ የስልክ መሣሪያዎችን ይሠራ ነበር፤ በ1920ዎቹ ዓመታት መጨረሻ 40,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ከ1924 እስከ 1927 በዚሁ ፋብሪካ የመብራት ድምቀት ከምርት ጋር ያለው ዝምድና ተፈተነ። የተጠበቀው ቀጥተኛ ዝምድና አልተገኘም። አጥኚዎቹም ሥራን የሚለውጡ ሌሎች ምክንያቶች እንዳሉ ተረድተው፣ ጥቂት ሠራተኞችን ለብቻቸው አድርገው ለመመልከት ወሰኑ።

2. የሪሌይ መገጣጠሚያው ክፍል

በሚያዝያ ወር 1927 አምስት ወጣት ሴቶች፣ ዕቃ ከምታቀርብላቸው ስድስተኛ ሴት ጋር፣ ሪሌይ የሚባለውን አነስተኛ የስልክ መሣሪያ ለመገጣጠም በተለየ ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። አንዱ ሪሌይ 35 ያህል ጥቃቅን ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ ለመገጣጠም አንድ ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የተሠራው ሁሉ በመሣሪያ ይቆጠር ነበር፤ በክፍሉ የተመደበው ተመልካች ደግሞ የሚባለውንና የሚሆነውን ይመዘግብ ነበር።

ከዚያም ሁኔታዎቹ በየተራ ተለወጡ። መጀመሪያ ክፍያው የአምስቱን ሴቶች ምርት ብቻ እንዲከተል ተደረገ፤ ቀደም ሲል አንድ መቶ ያህል ሠራተኞች ካሉበት ክፍል ምርት ጋር የተያያዘ ነበር። ቀጥሎ የዕረፍት ደቂቃዎች ተፈቀዱ፣ ረዘሙም፤ ረፋድ ላይ ምግብ ቀረበ፤ የሥራው ቀንም አጠረ። ምርቱ በአብዛኛው እያደገ ሄደ። በ1928 መገባደጃ ላይ ዕረፍቱም፣ ምግቡም፣ አጭሩ ቀንም ለአሥራ ሁለት ሳምንታት ሲሰረዙ የሰዓቱ ምርት ጥቂት ቢቀንስም የሳምንቱ ድምር አልወደቀም። በሁለት ዓመታት ውስጥ ምርቱ ከመቶ 30 ያህል ጨመረ።

ሴቶቹ ስለ ለውጦቹ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ አስተያየታቸውም ይጠየቅ ነበር። እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ፍጥነቷን ትጨምርላታለች። የቀድሞው አለቃ ቁጣ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። አጥኚዎቹም የምርቱ ምክንያት ዕረፍቱ ወይም ምግቡ ሳይሆን የተለወጠው የሰው ለሰው ግንኙነት ነው ወደሚል አሳብ አዘነበሉ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረውና ከ1928 ጀምሮ ከጥናቱ ጋር የተገናኘው አውስትራሊያዊው ኤልተን ሜዮ ይህን አሳብ ለዓለም አሰራጨ።

ይሁን እንጂ በትረካው ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ድርጊት አለ። በ1928 መጀመሪያ ላይ ከአምስቱ ሴቶች ሁለቱ «ወሬ ያበዛሉ፤ አይተባበሩም» ተብለው ከክፍሉ ወጡና በሌሎች ተተኩ። ስለዚህ ወዳጃዊ የተባለው ክፍል ከቅጣት ነፃ አልነበረም። አዲሶቹ ሴቶች በሥራቸው ፈጣኖች ነበሩ፤ የምርቱም ዕድገት ከእነርሱ መምጣት ጋር የተያያዘ ነው።

3. የሚሰማ ጆሮ

ከ1928 እስከ 1930 በዚያው ፋብሪካ ከ21,000 በላይ ሠራተኞች ቃለ ምልልስ ተደረገላቸው። በመጀመሪያ ጠያቂዎቹ የተዘጋጀ ዝርዝር ይዘው ስለ አለቃ፣ ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ሁኔታ ይጠይቁ ነበር። ሠራተኞቹ ግን ከጥያቄው እየወጡ በልባቸው ያለውን መናገር ስለ ፈለጉ ዘዴው ተለወጠ፤ ጠያቂው ዝም ብሎ እንዲያዳምጥ፣ እንዳይመክርና እንዳይፈርድ ታዘዘ። ሠላሳ ደቂቃ ይወስድ የነበረው ንግግርም አንድ ሰዓት ተኩል ደረሰ።

ከተመዘገቡት መካከል ሜዮ የጠቀሰው አንድ ምሳሌ ይገኛል። አለቃዋን አጥብቃ የምትጠላ አንዲት ሠራተኛ በንግግሩ መካከል ጥላቻዋ የመጣው አለቃው የምትጠላውን የእንጀራ አባቷን የሚመስል መስሎ ስለ ታያት መሆኑን ራሷ ደረሰችበት። አለቃው ግን «አስቸጋሪ ናት» ብሎ አስቀድሞ ነግሮ ነበር። በሥራ ቦታ «አስቸጋሪ» የሚለው ቅጽል ምን ያህል ነገር እንደሚሸፍን ይህ ምሳሌ ያሳያል።

ኩባንያው በ1936 ይህን ልምድ ወደ ቋሚ የምክር አገልግሎት ለወጠው፤ አገልግሎቱም እስከ 1956 ቆየ። መካሪዎቹ እንዲያዳምጡ እንጂ ጉዳዩን ወስደው እንዲያስተካክሉ አልተፈቀደላቸውም። የአገልግሎቱ ጥቅምም ጉድለትም ከዚህ ይመነጫል። ብሶቱን የተናገረ ሰው ለጊዜው ይቀለዋል፤ የብሶቱ ምክንያት የክፍያ ሥርዓት ወይም የኀላፊ በደል ሲሆን ግን ምክንያቱ በነበረበት ይኖራል። መደመጥ ያለ መፍትሔ ሲደጋገም ሠራተኛው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለውን የአገራችን ተረት እያስታወሰ ዝም ማለትን ይመርጣል።

4. የአሥራ አራቱ ሰዎች ክፍል

ከኅዳር 1931 እስከ ግንቦት 1932 አሥራ አራት ወንዶች የስልክ ማዞሪያ ሽቦ ሲያያይዙ በተለየ ክፍል ውስጥ ታዩ። ዘጠኙ ሽቦ ጠምጣሚዎች፣ ሦስቱ በያጆች፣ ሁለቱ መርማሪዎች ነበሩ። በዚህ ክፍል ምርቱ አላደገም። ሠራተኞቹ በቀን ሁለት መሣሪያ ማጠናቀቅ በቂ ነው የሚል ያልተጻፈ ደንብ ነበራቸው። ከዚያ በላይ የሚሠራ የባልደረቦቹን ጥቅም እንደሚያበላሽ ይታያል፤ ከዚያ በታች የሚሠራ የሌላውን ድካም እንደሚበላ ይቆጠራል፤ የባልደረባውን ጥፋት ለአለቃ የሚናገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው። ደንቡን የተላለፈ ሰው ይቀለድበታል፣ ክንዱም ላይ ይመታል።

አጥኚዎቹ ይህን ከስሜት እንጂ ከስሌት የመጣ አድርገው አላዩትም። ወቅቱ ግን ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የበረታበት፣ ሠራተኛ በብዛት የሚሰናበትበት ጊዜ ነበር። ምርት ቢጨምሩ የአንዱ ሥራ ዋጋ ይቀነሳል፣ ወይም ሰው ይባረራል የሚለው ሥጋታቸው ከአእምሮ ሕመም የመጣ አልነበረም። በመካከላቸው የነበረው አንድነት እውነተኛ ነበር፤ አንድነቱ ግን ከአለቆች ለመከላከል የተሠራ አጥር ነበር። ስለሆነም የባልደረቦች መግባባት ብቻውን የሥራ ቦታ ጤንነት ምልክት አይሆንም። ሠራተኞች እርስ በርስ ተፋቅረው ከድርጅቱ ግን ተለያይተው ሊኖሩ ይችላሉ።

5. ትረካው እንደገና ሲመረመር

ሮትሊስበርገርና ዲክሰን የጥናቱን ሙሉ ዘገባ በ1939 አሳተሙ። ከዚያ በኋላ «የሰብአዊ ግንኙነት» ትምህርት በአሜሪካና በአውሮፓ ተስፋፋ። በ1967 አሌክስ ኬሪ የተባለው ሊቅ ዘገባውን መርምሮ፣ የክፍያው ለውጥና የሁለቱ ሴቶች መባረር ተገቢ ክብደት እንዳልተሰጣቸው አሳየ። በፋብሪካው ራሱ በተደረገ ሁለተኛ ሙከራ ክፍያው ብቻ ሲለወጥ ምርቱ ከመቶ 12 በላይ ማደጉ ለኬሪ አሳብ ድጋፍ ሆኗል። በ2011 ደግሞ ሁለት የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የመጀመሪያውን የመብራት ሙከራ መረጃ እንደገና መርምረው፣ ስለ እርሱ ሲነገር የኖረው አስደናቂ ውጤት በመረጃው ውስጥ እንዳልተገኘ አሳወቁ።

ይህ ሁሉ ግንኙነት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ትርጉሙ ግንኙነትን ከክፍያ፣ ከቅጣትና ከሥልጣን ለይቶ ማየት አይቻልም ማለት ነው። ኀላፊው ፈገግ ሲል የሠራተኛው ዐይን የሚያርፈው በፈገግታው ላይ ብቻ ሳይሆን በኀላፊው እጅ ባለው ሥልጣን ላይም ነው።

6. በሥራው ላይ ድምፅ ማግኘት

ሁለት ሌሎች ጥናቶች ጥያቄውን ወደ ፊት ወሰዱት። የመጀመሪያው በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ በሜሪየን ከተማ በነበረው የሃርዉድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የተደረገው ነው። ኮችና ፍሬንች በ1948 እንደ ገለጡት፣ የሥራ ዘዴ በተለወጠ ቁጥር ሠራተኞች ይቆጡ፣ ምርታቸው ይወድቅ፣ ብዙዎችም ሥራቸውን ይለቁ ነበር። ስለዚህ ለውጡ በሦስት መንገድ ተፈጸመ። ለአንደኛው ቡድን ተወስኖ ተነገረው፤ ሁለተኛው በተወካዮቹ አማካይነት ተሳተፈ፤ በሦስተኛው መንገድ በተመደቡት ሁለት አነስተኛ ቡድኖች ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በአዲሱ ዘዴ አወጣጥ ተካፈለ።

በአንደኛው ቡድን ምርቱ ወድቆ ቀረ፤ በአርባ ቀናት ውስጥ ከመቶ 17ቱ ሥራ ለቀቁ። ሁሉም በተካፈሉበት በኩል ማንም አልለቀቀም፤ ምርቱም ፈጥኖ ከተመለሰ በኋላ ከቀድሞው ከመቶ 14 ያህል በለጠ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የመጣው ግን ከወራት በኋላ ነው። ከአንደኛው ቡድን የቀሩት አሥራ ሦስት ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወሩ በዚህ ጊዜ እንዲሳተፉ ተደረገ። እነዚያው ሰዎች ያለ ቁጣ አዲሱን ሥራ ለመዱ፤ የለቀቀም አልነበረም። «እምቢተኞች» የተባሉት ሰዎች ጠባያቸውን አልለወጡም፤ የተለወጠው የተያዙበት መንገድ ነው።

ሁለተኛው በብሪታንያ የከሰል ማዕድን የተደረገው ነው። ትሪስትና ቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ የነበረው ባምፎርዝ በ1951 ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጠው፣ በቀድሞው ዘዴ ቆፋሪዎች ራሳቸው በመረጡት ጓደኛ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሠሩ ነበር። ጓደኝነቱ ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ ከመሆኑ የተነሣ፣ አንዱ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ሌላው ቤተሰቡን መርዳቱ እንግዳ ነገር አልነበረም። አዲሱ የመኪና ዘዴ ሲመጣ ሥራው ተከፋፍሎ አርባ ለሚሆኑ ሰዎች በሦስት ፈረቃ ታደለ። አንዱ ፈረቃ ያበላሸውን ሌላው ይወርሳል፤ ፈረቃዎቹ ግን አይገናኙም። ውጤቱ መወነጃጀል፣ መቅረትና የመንፈስ ጭንቀት ሆነ። አለቆቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ሰዎቹም ጠበኞች ስለ ሆኑ አይደለም። የሥራው አደረጃጀት ራሱ ወዳጅነትን አፍርሶ ነበር።

ወንፈልና ደቦ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በወንፈል የሚሠራ ገበሬ የሥራውን ዓላማ፣ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ያውቃል፤ ተራው ሲደርስም ብድሩ እንደሚመለስለት ያምናል። መግባባቱ የሚመጣው ከምክር ሳይሆን ከሥራው አሠራር ነው።

7. ከምርት ወደ ጤና

ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ጥያቄው ከምርት ወደ ሠራተኛው ጤና ዞረ። በ1974 ፍሮይደንበርገር ሰውን በመርዳት ሥራ የተሠማሩ ሰዎች ቀስ በቀስ የሚደርስባቸውን የመንፈስ መዛል ገለጠ። ክርስቲና ማስላክ በበኩሏ የዚህን መዛል ሦስት ገጽታዎች ለየች፤ እነርሱም የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚረዱት ሰው ልብን ማራቅና ሥራዬ ፍሬ የለውም የሚል ስሜት ናቸው። መምህር ተማሪውን በስሙ መጥራት ትቶ «እነዚህ ልጆች» ማለት ሲጀምር ሁለተኛው ገጽታ መድረሱን ያመለክታል።

በ1979 ሮበርት ካራሴክ ሠራተኛን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ሥራ ከጥቂት የመወሰን ነፃነት ጋር ሲገናኝ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። ከ1985 ጀምሮ በለንደን 10,308 የመንግሥት ሠራተኞችን የተከታተለው የኋይትሆል ሁለተኛ ጥናትም በሥራቸው ላይ የመወሰን ድርሻቸው ያነሰ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን በ1997 አሳየ። ኖርዌይ በ1977 ባወጣችው የሥራ አካባቢ ሕግ የሥራው አደረጃጀት የሠራተኛውን የመንፈስ ጤንነት እንዳይጎዳ ደነገገች። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 የሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም ብሎ በበሽታዎች መዝገቡ አሰፈረ። ይህ አገላለጥ ትኩረቱን ከሠራተኛው ደካማነት ወደ ሥራው ሁኔታ ያዞራል።

8. ትምህርት ቤት እንደ ሥራ ቦታ

ትምህርት ቤት የተማሪዎች መማሪያ ብቻ ሳይሆን የመምህራን የሥራ ቦታም ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በጥቅምት 5 ቀን 1966 በፓሪስ የጸደቀው የመምህራንን ደረጃ የሚመለከት የጋራ ሰነድ፣ መምህራን በሙያቸው ተግባር ነፃነት እንዲኖራቸውና በትምህርት ፖሊሲ ላይ ድርጅቶቻቸው እንዲመከሩ ያሳስባል። ዳን ሎርቲ በ1975 ባሳተመው ጥናት ደግሞ መምህር በክፍሉ ግድግዳ ተለይቶ፣ ከባልደረባው ሥራ ሳይማርና ሳይረዳዳ እንደሚኖር አመለከተ። ከዚህ አንጻር ሲታይ መምህር በሰው ተከቦ ብቸኛ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያ ትምህርት ታሪክ ይህን ጥያቄ በሁለት መንገድ ያውቀዋል። አንደኛው የቁጥጥር ሥራ ነው። በ1934 ዓ.ም. አካባቢ በኢንስፔክሽን ስም የተጀመረው ሥራ፣ በ1955 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ሱፐርቪዥን፣ በ1973 ዓ.ም. እንደገና ወደ ኢንስፔክሽን፣ ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ደግሞ ወደ ሱፐርቪዥን ተለወጠ። የስሙ መመላለስ በመቆጣጠርና በመርዳት መካከል ያለውን ያልተፈታ ጥያቄ ያሳያል። ስሙ ቢለወጥም ጎብኚው ማስታወሻውን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጦ፣ ጉድለት ቆጥሮ፣ ከመምህሩ ጋር ሳይወያይ ከሄደ፣ መምህሩ የሚያየው ፈራጅን እንጂ ረዳትን አይደለም። በሚቀጥለው ጉብኝትም ለጎብኚው የሚያሳየው ትምህርትና ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ይሆናሉ። የአሥራ አራቱ ሰዎች ክፍል በዚህ መልክ በትምህርት ቤት ውስጥ ይደገማል።

ሁለተኛው «ሴክተር ሪቪው» በመባል የሚታወቀው የትምህርት ጥናት ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው ይህ ጥናት የመጀመሪያ ትምህርትን ለብዙኀኑ የማዳረስ ዓላማ ነበረው፤ በ1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲገለጥ ግን መምህራን ሳንመከርበት ተዘጋጀ ሲሉ ተቃወሙት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የመምህራን ሥራ ማቆም ተጀመረ፤ ከቀናት በኋላም የጥናቱ አፈጻጸም ታገደ። ለተቃውሞው የደመወዝና የኑሮ ውድነት ጥያቄዎችም ምክንያት ሆነዋል፤ የወቅቱ ፖለቲካም ድርሻ ነበረው። ሆኖም ለእቅድ አውጪ የሚተርፈው ትምህርት ግልጥ ነው። በሊቃውንት የተጠና እቅድ እንኳ ፈጻሚዎቹ ካልተካፈሉበት ከወረቀት ሳያልፍ ሊቀር ይችላል።

ማጠቃለያ

ከሆቶርን እስከ ዛሬ የተደረገው ጉዞ የሚያሳየው የሠራተኛ የመንፈስ ጤንነት በመብራት፣ በዕረፍት፣ በጥሩ ቃል ወይም በማዳመጥ ብቻ እንደማይጠበቅ ነው። እያንዳንዳቸው ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን በሥራው አደረጃጀት ላይ ድምፅ የሌለው ሰው ጥቅማቸውን ለረጅም ጊዜ አያገኝም። ጤናማ ግንኙነት በአብዛኛው የጤናማ አሠራር ፍሬ ነው።

በትምህርት ቤት ይህን ተግባራዊ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የክፍለ ጊዜ ድልድል ከመለጠፉ በፊት መምህራን ቢወያዩበት፣ የተጎበኘ መምህር የጉብኝቱ ማስታወሻ ወደ በላይ ከመተላለፉ በፊት አንብቦ አስተያየቱን ቢጽፍበት፣ በአንድ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምሩ መምህራን በጋራ የሚዘጋጁበት ሰዓት በድልድሉ ውስጥ ቢገባ፣ «አስቸጋሪ» የተባለ መምህር ከመዛወሩ በፊት ርእሰ መምህሩ ቃሉን በጽሞና ቢሰማና የሚስተካከለውን ቢያስተካክል፣ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ውጤት ቀላል አይሆንም። በእቅድ አውጪዎች በኩል ደግሞ ምክክር የሚደረግበት ጊዜ ውሳኔው ከመቁረጡ በፊት መሆን ይገባዋል። ከተወሰነ በኋላ የሚጠየቅ አስተያየት ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይባልም።

የሃርዉድ አሥራ ሦስት ሠራተኞች በሁለተኛው ጊዜ ያገኙት ዕድል ይኸው ነበር። ሰዎቹ እነዚያው ነበሩ፤ የተጠየቁት ግን በጊዜው ነበር።